ከቆሻሻ የሚገኝ መብራት

በገጠር ቤት የሚጣል ነገር ጥቂት ነው። የድንቹን ልጣጭ ላሟ ትበላዋለች። የጠላው አተላ ለከብት ይሰጣል። ፍጉ ለጓሮ ይሆናል፤ አለዚያም ኩበት ሆኖ ይነዳል። አመዱ ከጎመኑ ሥር ይበተናል። የተሰበረ እንስራ እንኳ ገል ሆኖ የፍም መውሰጃ ይሆናል። የተረፈው ጉድፍ ከጓሮ ተጥሎ በክረምቱ ይበሰብስና ዐፈር ይሆናል።

ከተማ ግን እንዲህ አይደለም። ላም የለም፤ ጓሮም ያለው ሰው ጥቂት ነው። ልጣጩም፣ የሻገተው እንጀራም፣ የጫቱ ገረባም፣ ፌስታሉም፣ ሰው ሃይላንድ የሚለው የውኃ ላስቲክም፣ የተቀደደው ጫማም አንድ ላይ ይጣላል። በጆንያ ይሰበሰባል፤ ከገንዳ ይከተታል፤ በመኪና ተጭኖ ይወሰዳል። ወዴት? ለአዲስ አበባ ከተማ ከ50 ዓመት በላይ መልሱ አንድ ነበር፤ ወደ ቆሼ።

ቆሼ በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ፣ ረጲ በሚባለው ሰፈር የሚገኝ የቆሻሻ መጣያ ነው። ስሙም ያው ቆሻሻ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ቆሻሻ ይጣልበት የጀመረው በ1950ዎቹ ሲሆን ስፋቱ ከ30 ሄክታር በላይ ነው። በየቀኑ ቆሻሻ በቆሻሻ ላይ ሲደረብበት ኖሮ ሜዳው ተራራ ሆነ።

በዚህ ጽሑፍ የምናወራው በዚሁ ተራራ አጠገብ ስለተሠራው ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ቆሻሻ እያቃጠለ መብራት ያወጣል። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ «እውን ከቆሻሻ መብራት ይወጣል?» ብሎ ነው። አዎን፣ ይወጣል። ነገር ግን ከዚያ የሚከተለው ጥያቄ ይበልጣል። ምን ያህል ይወጣል? ለምንተነፍሰው አየርና ለዝናባችንስ ይበጃል ወይስ ይጎዳል? ይህን ለመመለስ አስቀድመን ከተራራው ሆድ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ማወቅ አለብን።

ጠዋት በብርድ የፍግ ክምር እንፋሎት ሲወጣው አይታችኋል። እጅ ቢገባበትም ይሞቃል። እሳት ሳይነካው ለምን ሞቀ? በዓይን የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ሕያዋን ነገሮች እየበሉት ስለሆነ ነው። እነዚህን ተሕዋስያን እንላቸዋለን። ሰው በልቶ ሲሠራ ገላው እንደሚሞቅ፣ እነሱም ሲበሉ ክምሩን ያሞቁታል። ንጹሕ አየር እስካገኙ ድረስ እንደ እኛው ይተነፍሳሉ። ከእነሱ የሚወጣው እኛም ከሳንባችን የምናስወጣው፣ ከእሳትም የሚወጣው የተቃጠለ አየር ነው። የተማሩ ሰዎች ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሉታል።

የከተማ ቆሻሻ እንደ ተራራ ተከምሮ ሲተኛ ግን መካከሉ አየር አያገኝም። ከላይ የሚጫነው ክብደት ያፍነዋል። አየር በሌለበት ቦታ የሚኖሩ ሌሎች ተሕዋስያን አሉ። እነሱ ልጣጩንና እንጀራውን ሲበሉት ሜቴን የሚባል አየር ያወጣሉ። ላም ስታመሰኳ በግሣቷ የምታወጣውም ይኸው ሜቴን ነው። ሜቴን ሽታም ቀለምም የለውም። እሳት ካገኘ ግን ይነዳል። የቆሻሻ ተራራ ማንም ሳይለኩሰው ውስጥ ውስጡን የሚጤስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከተራራው ሥር ሰው ይኖር ነበር። በጭቃና በላስቲክ የተሠሩ ጎጆዎች ነበሩ። ብዙዎቹ ነዋሪዎች ኑሯቸው ከዚያው ነበር። መኪና ቆሻሻ ሲዘረግፍ ጠብቀው ብረቱን፣ ላስቲኩን፣ ጠርሙሱን ለቅመው ለቁራሌው ይሸጡ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. የቆሻሻው መድረሻ ተለውጦ ነበር። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ በሰንዳፋ አዲስ መጣያ ተሠርቶ መኪኖቹ ወደዚያ ይሄዱ ጀመር። ሰንዳፋ የገበሬ አገር ነው። የአካባቢው ገበሬዎች ሽታው፣ ዝንቡና ከቆሻሻው የሚወርደው ፈሳሽ እኛንም ከብቶቻችንንም ጎዳ ብለው ተቃወሙ። ስለዚህ መጣያው ጥቂት ወራት ብቻ ሠርቶ በዚያው ዓመት ክረምት ተዘጋ። መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። በዚህ ገበሬዎቹን የሚወቅስ ሰው ሰምተናል። እኛ አንወቅሳቸውም። ከተሜው ለበላው ልጣጩን ገበሬው ደጅ ላይ መድፋት የት አገር ያለ ደንብ ነው?

ሆኖም መኪኖቹ ሲመለሱ ተራራው እንደገና ይቆለል ጀመር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት አንዱ ጎኑ ተንዶ በጎጆዎቹ ላይ ወረደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ የሚበዙት ሴቶችና ልጆች ነበሩ። አስከሬን ፍለጋው ብዙ ቀን ፈጀ። በመላው አገሪቱም የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ።

በዚያ ጊዜ የመብራቱ ፋብሪካ እዚያው አጠገብ በመሠራት ላይ ነበር። አልቆ የተመረቀው ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ ቡሄ ነበር። እንግዲህ ልጆች ችቦ በሚያበሩበት ሰሞን ከተማዋ የቆሻሻ ችቦዋን አበራች ማለት ነው። ያሠራው የኢትዮጵያ መንግሥት ሲሆን የወጣበት ገንዘብ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። በአፍሪካ እንዲህ ያለ ትልቅ ፋብሪካ ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መኪናው ቆሻሻውን ከትልቅና ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይገለብጣል። ከላይ የተንጠለጠለ የብረት ጥፍር አለ። ጭልፊት ጫጩት እንደምታነሣ ቆሻሻውን ጨምድዶ ያነሣል። እያነሣም መልሶ ይጥለዋል፤ ያገላብጠዋል። ይህን የሚያደርገው እርጥቡና ደረቁ እንዲቀላቀል፣ ውኃውም ወደ ታች እንዲንጠፈጠፍ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ምድጃው ይከተዋል። የምድጃው ወለል የብረት ርብራብ ሲሆን ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል። ቆሻሻው በዚያ ላይ ሲሄድ መጀመሪያ ይደርቃል፤ ቀጥሎ ይነዳል፤ መጨረሻ ላይ አመድ ሆኖ ይወድቃል።

ታዲያ መብራቱ ከየት መጣ? የሽሮ ድስት ሲንተከተክ ክዳኑን ብድግ ቁጭ ሲያደርገው አይታችሁ የለ? ክዳኑን የሚያነሣው የእንፋሎት ጉልበት ነው። በፋብሪካውም ከእሳቱ ዙሪያ ውኃ የሞላባቸው የብረት ቱቦዎች አሉ። ውኃው ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎቱ መውጫ በማጣት ታምቆ ትልቅ ጉልበት ያገኛል። ያን ጊዜ በጠባብ ቀዳዳ ተለቆ ብዙ ምላስ ያለውን የብረት መንኮራኩር ይመታል፤ ያሽከረክረዋል። የውኃ ወፍጮ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። እዚያ ወራጅ ውኃ መጁን ያዞራል፤ እዚህ እንፋሎት መንኮራኩሩን ያዞራል። መንኮራኩሩም ተርባይን ይባላል። ተርባይኑ በበኩሉ ጄኔሬተር የሚባለውን መኪና ያዞራል። በጄኔሬተሩ ውስጥ ማግኔት ከመዳብ ሽቦ መካከል ሲሽከረከር በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል።

ፋብሪካው ሲታቀድ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ነበር። ይህ 14,000 ኩንታል ነው። በዓመትም 185 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት መብራት እንዲሰጥ ታስቧል። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ወደ አንድ ኩንታል እናውርደው። ብናካፍለው ከአንድ ኩንታል ቆሻሻ 36 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይደርሳል። በዚህ ኃይል አንዲት ባለ 10 ዋት አምፖል በየማታው 4 ሰዓት ብትበራ ለ900 ማታ ትበቃለች። ሁለት ዓመት ተኩል ሊሆን ጥቂት ነው የሚጎድለው። አንድ ጆንያ ጉድፍ ሁለት ዓመት ተኩል ካበራ ምን ይወጣለታል!

ግን አንቸኩል። በዚያው ኃይል በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ብንጋግር አሥር ሰዓት ያህል ጋግረን ያልቃል። ይህም ቢሆን በዕቅዱ መሠረት ከሄደ ነው። ፋብሪካው ከተመረቀ በኋላ ሲቆምም ሲሠራም ነበር፤ የታቀደውንም ያህል መብራት አልሰጠም። ከምክንያቶቹ አንዱን ማንኛዋም ባለቤት ታውቀዋለች። ማገዶው እርጥብ ነው።

እርጥብ እንጨት ምድጃ ውስጥ ብትከቱ ምን ይሆናል? ይጤሳል፤ ጫፍ ጫፉ ላይ አረፋ ያወጣል፤ ይንጫጫል። ዓይን ያቃጥላል እንጂ ድስት አያፈላም። እሳቱ ወዴት ሄደ? በእንጨቱ ውስጥ ያለውን ውኃ ሲያተንን አለቀ። ውኃ እሳት ይበላል። ቀዝቃዛን ውኃ እስኪፈላ ለማድረስ የሚያስፈልግ እሳት አለ። ያው የፈላው ውኃ ተኖ እንዲያልቅ ከተፈለገ ግን ከዚያ ከ6 እጥፍ የሚበልጥ እሳት ይጠይቃል። ለዚህ ነው ድስት ቶሎ ፈልቶ፣ ውኃው እስኪመጥ ግን ብዙ ማገዶ የሚጨርሰው።

የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ልጣጭ፣ የምግብ ትራፊ፣ ቅጠልና ገረባ ነው። ይህ ሁሉ ውኃ የያዘ ነገር ነው። በክረምት ደግሞ ዝናብ ይጨመርበታል። ከአንድ ኩንታል ቆሻሻ ግማሹ ውኃ ነው ብንል፣ 50 ሊትር ውኃ አለው ማለት ነው። ሁለት እንስራ ይሞላል። ምድጃው አንዲት አምፖል ከማብራቱ በፊት ሁለት እንስራ ውኃ አፍልቶ ማትነን አለበት። ይህ ዕዳ ነው። ዕዳው ተከፍሎ የሚተርፈው ሙቀት ነው እንፋሎቱን የሚሠራው። ለዚህ ነው ቆሻሻ በማቃጠል ሥራ ዋናው ነገር የምድጃው ትልቅነት ሳይሆን ወደ ምድጃው የሚገባው ነገር ድርቀት ነው የምንለው።

ከተረፈውም ሙቀት ሁሉም መብራት አይሆንም። መብራት ብቻ በሚያወጣ የቆሻሻ ፋብሪካ ከ100 እጅ ሙቀት ወደ መብራት የሚለወጠው ከ20 እስከ 25 እጅ ያህል ነው። የቀረው በጢስ መውጫውና እንፋሎቱ ተመልሶ ውኃ በሚሆንበት ቦታ ይባክናል። በጉልቻ ላይ ጀበና ጥደን እሳቱ ከጀበናው ይልቅ ቤቱን ሲያሞቅ እንደምናየው ነው።

እዚህ ላይ ቆሻሻን በማቃጠል የታወቁትን አገሮች ሁኔታ መመልከት ይጠቅማል። ቆሻሻን በትልቅ ምድጃ ማቃጠል በእንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም በሚባል ከተማ የተጀመረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1874 ነው። በዴንማርክ የመጀመሪያው የተሠራው በ1903 ነው። ዴንማርክ ብርድ የጸናበት አገር ስለሆነ በክረምት ቤት ያለ እሳት አይኖርም። ስለዚህ ዴንማርኮች ከተርባይኑ የተረፈውን ሙቀት አይጥሉትም። ሙቅ ውኃ በቱቦ እያደረጉ በየቤቱ ይልኩታል። በዚህ መንገድ ከ100 እጅ ሙቀት ከ80 እጅ በላይ ለሥራ ያውሉታል። በዋና ከተማቸው በኮፐንሀገን በ2017 ሥራ የጀመረ አንድ ፋብሪካ አለ። ጣሪያው እንደ ተራራ ተዳፋት ሆኖ ስለተሠራ ሰው በላዩ ላይ በበረዶ መንሸራተቻ ይጫወትበታል። ከቆሼ ጋር ስናስተያየው ጉድ ያሰኛል፤ የአንዱ አገር የቆሻሻ ተራራ መጫወቻ፣ የሌላው መቀበሪያ ሆነ።

እኛ አገር ግን ሙቀቱን በቱቦ ወደ ቤት የሚያስገባ ብርድ የለም። ሌላም ልዩነት አለ፤ ዋናውም እሱ ነው። ዴንማርኮች ቆሻሻ ማቃጠሉን ባስፋፉበት ዘመን መብራታቸው በብዛት የሚመጣው ከድንጋይ ከሰል ነበር። ከቆሻሻ አንድ መብራት ባወጡ ቁጥር ያን ያህል ከሰል ሳይነድ ይቀራል። የኢትዮጵያ መብራት ግን ከ100 እጅ ከ90 እጅ የሚበልጠው የሚመጣው ከወራጅ ውኃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ ብቻ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የረጲው ፋብሪካ እንዲሰጥ የታሰበው 25 ሜጋ ዋት ነው። ሁለት መቶ ረጲ ተሰብስቦ አንድ ዓባይ አይሞላም። በዚያ ላይ ግድብ ጢስ የለውም። ስለዚህ በእኛ አገር «ከቆሻሻ መብራት ስለወጣ ያን ያህል ከሰል ዳነ» ማለት አይቻልም። የዳነ ከሰል የለም።

ታዲያ ጥቅሙ የት ላይ ነው? ለዚህ ወደ ሜቴኑ እንመለስ።

ምድራችን በአየር እንደ ጋቢ ተጠቅልላለች። ፀሐይ ቀን ታሞቃታለች። ሌሊት ሙቀቱ ወደ ላይ ሊያመልጥ ሲል ጋቢው ጥቂቱን ይይዘዋል። ይህ ባይሆን ኖሮ ብርዱ አያኖረንም ነበር። ነገር ግን ከሰል፣ ቤንዚንና ናፍጣ በዓለም ላይ በብዛት ስለሚነድ የተቃጠለው አየር በዝቶ ጋቢው ወፍሯል። በዚህ የተነሣ ምድር ከድሮው ይልቅ ትሞቃለች። ሙቀቱ ሲጨምር የዝናቡ ጠባይ ይለወጣል። አንዱ ቦታ ድርቅ ይጸናል፤ ሌላው ቦታ ጎርፍ ይበዛል። በልግ ሲቀር ምን እንደሚሆን ለገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሜቴን ከተቃጠለው አየር እጅግ የከፋ ጋቢ ነው። ሊቃውንት የመቶ ዓመቱን ሥራ ሲመዝኑት 1 ኪሎ ሜቴን 28 ኪሎ ያህል የተቃጠለ አየር የሚያደርሰውን ሙቀት ያመጣል። አንድ መልካም ነገር አለው፤ ዕድሜው አጭር ነው። 12 ዓመት ገደማ በአየር ላይ ቆይቶ ይለወጣል። ስለዚህ ዛሬ ሜቴንን የከለከለ ሰው ጥቅሙን በራሱ ዕድሜ ያየዋል።

እንግዲህ አሁን ሒሳቡን መሥራት እንችላለን። አንድ መኪና ልጣጭና የምግብ ትራፊ ከቆሼ ተራራ ውስጥ ቢቀበር ለብዙ ዓመታት ሜቴን ይተነፍሳል። ያው መኪና ምድጃ ውስጥ ቢገባ የሚወጣው የተቃጠለ አየር ብቻ ነው፤ ሜቴን አይወጣም። ከልጣጩ የሚወጣው የተቃጠለ አየር ደግሞ እንደ አዲስ ዕዳ አይቆጠርም። ድንቹ ሲያድግ ያንኑ አየር በቅጠሉ ስቦት ነበርና የወሰደውን መለሰ እንጂ አልጨመረም። የረጲው ምድጃ ለአየራችን የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ መብራቱ ሳይሆን የሜቴኑ መቅረት። መብራቱን እንደ ምርቃት ብትቆጥሩት አትሳሳቱም።

ይህ ስለ ልጣጭ ነው። ስለ ፌስታልና ስለ ላስቲክ ስንናገር ሒሳቡ ይገለበጣል። ላስቲክ የሚሠራው ከመሬት ውስጥ ከሚወጣ ዘይት ነው፤ ከቤንዚንና ከናፍጣ ጋር ዘሩ አንድ ነው። ቢቀበር አይበሰብስም፤ ሜቴንም አያወጣም። ቢቃጠል ግን ናፍጣ እንደ ማቃጠል ያህል ነው፤ ጋቢውን ያወፍረዋል። ክፋቱ ደግሞ በደንብ የሚነደው፣ ምድጃው የሚወደው እሱ መሆኑ ነው። ለአየር ቢቃጠል የሚሻለው ልጣጭ አይነድም፤ የሚነደው ላስቲክ ለአየር ጥሩ አይደለም። የቆሻሻ መብራት ችግር ሁሉ በዚህች አንዲት ነገር ውስጥ አለ።

በዚህ ላይ የለቃሚዎቹ ጉዳይ አለ። ላስቲኩና ካርቶኑ ለእነሱ እንጀራ ነው። ተለቅሞ ቢሸጥ እንደገና ዕቃ ይሆናል፤ አዲስ ላስቲክ ለመሥራት የሚወጣውንም ዘይት ያድናል። ምድጃ ውስጥ ከገባ ግን አንድ ጊዜ ነድዶ አለቀ። እኛ እንደሚመስለን ቁራሌው የሚፈልገውን ሁሉ ለቁራሌው መተው፣ ልጣጩን ለይቶ ማበስበስ፣ ሁለቱም የማይሆኑለትን ደረቅ ነገር ብቻ ለምድጃው መስጠት የተሻለ ነው። ይህ ግን ከየቤቱ ሁለት ጆንያ ለይቶ መያዝን ይጠይቃል። አንድ ላይ ከተደፋ በኋላ መለየት ጭንቅ ነው። ጤፍና አሸዋ ከተቀላቀለ በኋላ እንደ መልቀም ነው።

ስለ ጢሱም እንናገር፤ ጢሱ ብዙ ሰው ያስፈራል። ላስቲክ ዝቅ ባለ እሳት ሲነድ ዳይኦክሲን የሚባል ክፉ መርዝ ይወጣል። መርዙ በሣርና በላም በኩል አልፎ ወተት ውስጥ ይገባል፤ ካንሰርም ያመጣል። ደህና ፋብሪካ ይህን ለመከላከል ጢሱን ከ850 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ቢያንስ ለሁለት ሴኮንድ ያቆየዋል። በዚያ ሙቀት መርዙ ይፈራርሳል። ቀጥሎም ጢሱን በኖራና በከሰል ዱቄት አጥቦ፣ በጨርቅ ወንፊት አጥልሎ ይለቀዋል። የረጲው ፋብሪካም የአውሮፓን የጢስ ደንብ እንዲያሟላ ተደርጎ የተሠራ ነው ተብሏል። እርግጥ ደንቡ የሚጠበቀው ወንፊቱ በጊዜው ሲቀየር፣ እሳቱም ሳይቀዘቅዝ ሲቀር ነው። እርጥብ ቆሻሻ እሳቱን ሲያቀዘቅዘው ጉዳቱ መብራት መቀነስ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ከጓሯችን የምናነዳት እሳት 850 ዲግሪ አትደርስም። ወንፊትም የላትም። ስለዚህ ፌስታልና ሃይላንድ በምድጃ ውስጥ እሳት ማያያዣ ማድረግ፣ በተለይም ሕፃን ባለበት ቤት፣ ትልቅ ጥፋት ነው። ጭራሮ ይሻላል።

አመዱም እንደ ቤታችን አመድ አይደለም። ቆሻሻ ሲቃጠል በክብደት ከአራት እጅ አንዱ ያህል አመድ ሆኖ ይቀራል። በውስጡ የባትሪ ድንጋይና የቆርቆሮ ቀለም ትራፊ አለበት። ከጢሱ ላይ በወንፊት የተያዘው ደቃቁ አመድ ደግሞ የመርዙ መሰብሰቢያ ስለሆነ ሰውና ውኃ በማይደርስበት ቦታ ተዘግቶ መቀበር አለበት። የማገዶ አመድ ለጎመን መልካም ነው። የከተማ ቆሻሻ አመድ ግን ማንም ሰው «ማዳበሪያ ነው» ብሎ ቢያመጣላችሁ ወደ ማሳችሁ እንዳታስገቡት።

እዚህ ድረስ ያነበበ ሰው፣ «የከተማው ነገር ለእኔ ምኔ ነው?» ይል ይሆናል። ሜቴን ግን በገጠርም አለ። አራት ያህል ከብት ያለው ቤት ያንኑ አየር በገዛ ግቢው ይዞ ሊጠቀምበት ይችላል። ይህ ባዮጋዝ ይባላል። ከመሬት በታች አየር የማያስገባ ጉድጓድ በድንጋይና በሲሚንቶ ይሠራል። እበትና ውኃ እኩል ተበጥብጦ በየቀኑ ይጨመርበታል። በቆሼ ሆድ ውስጥ የሚሠሩት ተሕዋስያን እዚህም ሜቴን ያወጣሉ። ልዩነቱ እዚህ ሜቴኑ አያመልጥም። በቱቦ ወደ ወጥ ቤት ገብቶ ያለ ጢስ ይነዳል፤ ኩራዝ የሚተካ መብራትም ያበራል። 1 ኪሎ ሜቴን ሳይቃጠል ቢለቀቅ እንደ 28 ኪሎ ነው ብለናል። ሲነድ ግን 3 ኪሎ የማይሞላ የተቃጠለ አየር ብቻ ነው የሚወጣው። ከጉድጓዱ የሚወጣው ዝቃጭም ለማሳ ግሩም ማዳበሪያ ነው። ኩበት ብናነድ ግን የማዳበሪያው ኃይል አብሮ ይነዳል።

እርጥብ ነገር ለእሳት ዕዳ ነው ብለን ነበር፤ ለባዮጋዝ ግን ሲሳይ ነው። ተሕዋስያኑ ውኃ ይወዳሉና። ከተማውም ልጣጩን ከላስቲኩ ቢለይ ኖሮ ልጣጩን እንዲህ ባለ ጉድጓድ፣ ላስቲኩን በቁራሌው፣ ቀሪውን በምድጃው ማድረግ ይችል ነበር።

የድሮው ተራራ አሁንም እዚያው ነው። ፋብሪካው ከተሠራም በኋላ ወደ ቆሼ የሚሄደው ቆሻሻ አልተቋረጠም። ምድጃው የሚቀበለው አዲሱን ቆሻሻ እንጂ ከ50 ዓመት በላይ የተከመረውን አይደለም። ከ2009ኙ አደጋ በኋላ በጃፓን ርዳታ አንድ ሥራ ተጀመረ። ዘዴው የፉኩኦካ ዘዴ ይባላል፤ ፉኩኦካ የጃፓን ከተማ ናት። በክምሩ ውስጥ በድንጋይ የታጀቡ ቀዳዳ ቱቦዎች ይቀበራሉ። በቱቦዎቹ ፈሳሹ ወደ ውጭ ይወርዳል፤ አየሩም ወደ ውስጥ ይገባል። አየር ሲገባ ሜቴን የሚያወጡት ተሕዋስያን እየቀነሱ በአየር የሚኖሩት ይበዛሉ። ሽታውም ይቀንሳል፤ ፈሳሹ ስለወጣ ተራራው እንደ ቀድሞው ለመናድ አይቸኩልም። የፍግ ክምሩን በመንሽ እየገለበጠ አየር የሚያስገባ ገበሬ ዘዴውን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። የቆሼን ተራራ በመንሽ መገልበጥ ስለማይቻል ነው በቱቦ የተደረገው።